ቀላዱና እባቡ

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱን የምንጠቅሰው አብዛኛውን ጊዜ በደነገጠው ለመሳቅ ነው። ልጡ ልጥ ብቻ መሆኑን የሚወስነው ግን ማን ነው?

በ1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲያወጣ፣ በአዲስ አበባ ሹማምንት ዓይን ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ግብሩ በምርት ላይ እንጂ በርስት ላይ አልተጣለም። የሞጣና የቢቸና ገበሬ ግን በዚያው አዋጅ ውስጥ ያየው የርስቱን መነጠቅ ነበር። ዛሬ ገማች ከመጣ ነገ ቀላድ ይከተላል፤ ቀላድ ከተጣለም ባለርስቱ ጭሰኛ ይሆናል ብሎ ደመደመ፤ ዐመፀም።

«ሕዝቡ አዋጁን ስላልተረዳ ነው» የሚለውን የተለመደ ፍርድ አጥብቄ እቃወማለሁ። ገበሬው አዋጁን ያነበበው በትዝታው ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ መሬት ሊለካ ሲሞከር ጎጃም ተነሥቶ ነበር፤ በደቡብ ቀላድ ስንቱን ባለመሬት ጭሰኛ እንዳደረገም ምስክር የሚሻ ጉዳይ አልነበረም።

ታዲያ ገበሬው ትክክል ነበር ማለት ነውን? በአዋጁ ቃል ከሄድን አልነበረም። ርስትን የሻረው ያ አዋጅ ሳይሆን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የደርግ አዋጅ ነው። ስለዚህ «ሁሉም የየራሱ እውነት አለው» የሚለው የዘመናችን ፈሊጥም አያዋጣም። የአንድ አዋጅ ቃል ሊነበብ፣ ሊመረመርና ሊረጋገጥ ይችላል።

ይሁን እንጂ ከሁለቱ ዕይታዎች አውሮፕላን የነበረው አንዱ ብቻ ነው። መንግሥት ግብር ከፋዩን «ሽፍታ» አድርጎ ሲያየው፣ ያ ዕይታ ቦምብ ሆኖ በመንደሮች ላይ ወረደ። በመጨረሻ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፉ ግብርም ተማረ። የሞቱት ግን አልተመለሱም።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ «ቢሮክራት» የተባለ ገበሬ ይዞታው ተቀነሰበት። ስያሜው በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር አመራር ባገለገሉት ላይ ጭምር ያረፈ ነበር። የሰያሚው ዕይታ በመዝገብ ሰፈረ፤ መዝገቡም ማሳ ቆረሰ።

አንባቢ ሆይ፣ ሁላችንም የምናየው ከቆምንበት ሥፍራ ነው። የደካማው የተሳሳተ ዕይታ ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን ይጎዳል፤ የባለሥልጣኑ ግን ሕግና ጥይት ይሆናል። ስለዚህ ዕይታውን የመመርመር ግዴታው የሚከብደው በባለሥልጣኑ ላይ ነው። ቀላዱን የያዘ «ይህ ልጥ ነው» ከማለቱ በፊት፣ የደነገጠውን ሰው እባብ የት እንደነደፈው ይጠይቅ።