ክፍቱና ዝጉ ሞደም

በሊኑክስ የሚሠራው ፓይንፎን የተባለው ስልክ የጀርባ ክዳኑ ሲገለጥ 6 ጥቃቅን ማብሪያና ማጥፊያዎች ተደርድረው ይታያሉ፤ የመጀመሪያው ሲዘጋ ስልኩን ከኔትወርክ የሚያገናኘው ሞደም ኃይሉ ተቋርጦ ጸጥ ይላል። ኳክቴል ኢጂ25-ጂ የሚባለው ይህ ሞደም የራሱን ሊኑክስ በሆዱ የያዘ ሁለተኛ ኮምፒዩተር ነውና፣ ባለቤቱ የስልኩን ሥርዓት ሁሉ መርምሮ ሲያበቃ፣ ቃሉና መልእክቱ የሚያልፉበት ክፍል እንደ መቅደስ በመጋረጃ ተሰውሮበት መቅረቱ እጅግ ያሳዝነኛል።

በጎ ፈቃደኞች ያዘጋጁት ፈርምዌር (የውስጥ ሶፍትዌር) የሞደሙን ከርነልና ፕሮግራሞች ምንጭ ኮዱ በሚነበብ ሥራ ይተካል፤ ሆኖም ከኔትወርክ ማማው ጋር የሚነጋገረው የቺፕ ሠሪው የኳልኮም ፈርምዌር እንደ ተዘጋ ስለሚኖር፣ ፍጹም ነጻነት ተገኘ ማለት ሐሰት ይሆናል። የዕለት እንጀራው በአንዲት ስልክ የተንጠለጠለበት ሰው ከፋብሪካው የመጣውን ፈርምዌር ቢይዝ አልነቅፈውም፤ እኔ ግን ስሕተቱ ሲገለጥ ማንም ሊቅ ገብቶ ሊያርመው የሚችለውን እመርጣለሁ።