ተጠባባቂ ነህ፤ ግን ስንተኛ?

ለሳይኮሎጂ ዶክትሬት ወደ ውጭ ያመለከተ ሰው ከሚደርሱት መልሶች ሁሉ የከፋው የቱ ነው? «አልተቀበልንህም» የሚለው አይደለም። እሱ አንዴ አሳዝኖ ይለቃል። የከፋው «በተጠባባቂነት ይዘንሃል» የሚለው ነው። እሱ አይለቅም!

እኛ የመቱ፣ የጎሬና የያዮ ልጆች ኳስ እናውቃለን። ተቀያሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ ተጫዋች ጨዋታውንም ሰዓቱንም ያያል። 90 ደቂቃው ሲሞላ ቤቱ ይገባል። የአዲስ አበባ የ1997 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ እንኳ ስንት ዓመት ሲጠብቅ የምዝገባ ቁጥር በእጁ ነበር። የዶክትሬት ተጠባባቂ ግን ቁጥርም ሰዓትም የለውም።

ነገሩ ምሥጢር ሆኖ አይደለም። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የፈረሙት ስምምነት አለ፤ ከነገንዘብ ድጋፉ የተመረጠ ተማሪ እስከ ኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7፣ መልስ እንዲሰጥ አይገደድም። ስለዚህ ሦስት ቦታ ያለፈ ሰው ሦስት ወንበር ይዞ ይቆያል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ደግሞ በዓመት የሚቀበለው ጥቂት ሰው ነው። የአንዱ ማመንታት የሌላውን በር ይዘጋል።

የሚያናድደን ይህን የሚያደርጉት የሥነ ልቦና ሊቃውንት መሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የለንደን ጥናት ሰዎችን በኤሌክትሪክ ንዝረት ፈትኖ ነበር። ይበልጥ የተጨነቁት ንዝረቱ እንደሚመጣ እርግጠኛ ሲሆኑ ሳይሆን ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ሲሆን ነው። ይህን ክፍል ውስጥ እያስተማሩ አመልካቹን በዚያው ግማሽ በግማሽ ላይ ማስቀመጥ ምን ይባላል?

«ቁጥር ብንናገር እናሳስታለን» የሚሉ ይኖራሉ። ደረጃ ካላወጣችሁ «አላወጣንም» በሉና! እሱም መልስ ነው።

መቱ ላይ ጥበቃው ዋጋ አለው። የቤት ኪራይ ውል ይታደስ? የሥራ ውል ይፈረም? መልሱ ዘግይቶ ቢመጣ ለቪዛ ቃለ መጠይቅ አዲስ አበባ ድረስ ወደ 600 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ። ዘመድ በበኩሉ «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» ይለናል። እሱ እኮ አግብቷል! እኛ ገና ሽማግሌ ልከን መልስ እየጠበቅን ነው።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። ጻፉና አራት ነገር ጠይቁ፦ ስንተኛ ነኝ? ባለፉት ዓመታት ከተጠባባቂ ስንት ሰው ገባ? ቦታው ቢገኝ ገንዘቡም አብሮ አለ? የመጨረሻው ቀን መቼ ነው? መልስ ካልሰጡ ቀኑን ራሳችሁ ቁረጡ። ሚያዝያ 7 አልፎ ሁለት ሳምንት ከሞላ የሥራ ውላችሁን ፈርሙ፤ ከዚያ በኋላ ቢጠሯችሁ ምርቃት ነው።

መጨነቃችሁም አያሳፍርም። ኬት ስዊኒ የተባሉ የካሊፎርኒያ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው የጥብቅና ፈተና ውጤት አራት ወር የጠበቁ ምሩቃንን ተከታትለው በ2016 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። ጭንቀትን ለማራቅ የተሞከረው ዘዴ ብዙም አልሠራም። ይበልጥ የተጨነቁት ግን ውጤቱ ሲመጣ፣ ክፉም ቢሆን ደግ፣ በተሻለ ተቀብለውታል።

ሁለት ቦታ ያለፋችሁ ደግሞ አንዱን ዛሬውኑ ልቀቁ። የያዛችሁት ወንበር የሌላ ሰው ዓመት ነው።

ለዩኒቨርሲቲዎቹ፣ ለአገር ቤቶቹም ጭምር፣ የምንለው አጭር ነው፦ ወንበር ባይኖራችሁ ቁጥርና ቀን ስጡን። እሱ በጀት አይጠይቅም።