«ተሸናፊ ይክፈል»፦ የፕሌይስቴሽን ኳስ ጥንካሬውና ድክመቱ



ዐስር ሰግደን ከመስጂድ ስንወጣ ብዙዎቻችን በሁለት መንገድ እንከፈላለን። ገሚሳችን ወደ ላይብረሪ ወይም ወደ ዶርም፣ ገሚሳችን ጉብሬ ላይ ወዳሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች። ወልቂጤ ከተማ ብንወርድም፣ ለእረፍት ቡታጅራ ወደ ቤተሰብ ብንሄድም የምናየው ያው ነው፦ አንድ ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጆይስቲክ የያዙ ሁለት ልጆች፣ ከኋላቸው ቆመው ተራ የሚጠብቁና ሳይጠየቁ ምክር የሚሰጡ አሥር ሰዎች።

ስለዚህ ጨዋታ በመካከላችን ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንዱ «ጌም ሐራም ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው «ጨዋታ አይደል እንዴ፣ ምን አለበት?» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ነገሩን ሳያዩት የሚያልፉ ይመስለናል። ይህን ጽሑፍ ካዘጋጀነው መካከል ጆይስቲክ ነክተን የማናውቅ የለንም፤ ስለዚህ የምንጽፈው እንደ ከሳሽ አይደለም፤ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነው።

መጀመሪያ ጨዋታው ከየት እንደመጣ እንይ። አብዛኞቻችን እስከ ዛሬ «ፊፋ» የምንለውን ጨዋታ የሚያወጣው ኤሌክትሮኒክ አርትስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነው። የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ከዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ጋር የነበረው የስም ውል ሲያበቃ፣ ከእ.ኤ.አ. መስከረም 2023 ጀምሮ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ተብሏል። ይኸው ኩባንያ አሜሪካኖች የራስ ቁር አድርገው የሚጫወቱትን የእነሱን ፉትቦል «ማደን» በሚል ስም ከ1988 ጀምሮ ያወጣል። ተፎካካሪው የጃፓኑ ኮናሚ ነው፤ በፊት «ፔስ» የምንለውን ጨዋታ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ «ኢፉትቦል» ብሎ በነጻ ለቆታል። በስልካችን የምንጫወተው እሱን ነው።

ጥንካሬውን ሳንናገር ድክመቱን ብንቆጥር ግፍ ይሆናል።

አንደኛ፣ ጨዋታው ኳስ ያስተምራል። ከጨዋታ ውጪ ምን ማለት እንደሆነ፣ አራት ተከላካይ ሦስት ሲሆን ክንፉ ለምን እንደሚከፈት ሜዳ ላይ ሆኖ ያስተማረን ሰው ብዙ የለም። ጆይስቲክ ይዘን አምስት ጎል ሲገባብን ግን ገብቶናል። ሁለተኛ፣ ሰው ያቀራርባል። ከየክልሉ ተመድበን ግቢ ስንገባ በመጀመሪያው ሳምንት ዶርም ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ ታስታውሳላችሁ፤ አገር አገሩን እየፈለገ ነው። በዚያ ሰሞን «አንድ ጌም እንጫወት?» የምትል ቃል ስንቱን እንዳስተዋወቀች የምናውቀው እኛ ነን። ዛሬ አብረን ለሱብሒ የምንቀሳቀስ ጓደኛሞች መጀመሪያ የተገናኘነው በጆይስቲክ ነው። ሦስተኛ፣ ከፋይናል በኋላ የደከመ አእምሮ እረፍት ይፈልጋል። የተፈቀደ መዝናኛ የሌለው ወጣት ያልተፈቀደውን መፈለጉ አይቀርም፤ በልኩ የተያዘ ጨዋታ ከብዙ የከፋ ቦታ ያስቀራል።

ድክመቶቹም ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው የእኛ ኳስ በውስጡ አለመኖሩ ነው። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በዚህ ጨዋታ ውስጥ የለም፤ በአማርኛ የሚዘግብ ጋዜጠኛም የለውም። ወልቂጤ ከተማ፣ «ሠራተኞቹ»፣ በ2012 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በፕሪሚየር ሊጉ ሲጫወቱ ከተማው ምን ይመስል እንደነበር የምታስታውሱ አላችሁ። ነገር ግን ከመካከላችን የሃላንድን የፍጥነት ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ እንጂ ከሠራተኞቹ ሦስት ተጫዋች የሚጠራ ስንት ነው? ኢትዮጵያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን እ.ኤ.አ. በ1957 ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ ናት፤ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫ ያነሳች አገር ናት። ይህን ማንም ጌም አያስተምረንም፤ ራሳችን መማር አለብን።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ግማሹ 6 ደቂቃ ሆኖ ሲሞላ አንድ ጨዋታ ከእረፍቱና ከድጋሚ ምስሉ ጋር ሩብ ሰዓት ይወስዳል። ሩብ ሰዓት ምንም አይደለም። ችግሩ ያለው «አንድ ብቻ እንድገም» በምትለው ቃል ላይ ነው፤ አራት ጊዜ ከተባለች አንድ ሰዓት ሄደ፣ ስምንት ጊዜ ከተባለች ከዐስር እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ አለቀ። አዛን ሲል ውጤቱ 1 ለ 1፣ ደቂቃው 88 ይሆንና «ይቺን ጨርሰን» እንላለን። ከዚያ ጭማሪ ሰዓት፣ ከዚያ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ከዚያ መልስ ጨዋታ።

እዚህ ላይ ግን ለራሳችን እውነቱን እንናገር። ማሽኑ ማቆሚያ ቁልፍ አለው። እውነተኛ ሜዳ ላይ ዳኛው ካላፏጨ ጨዋታ አይቆምም፤ ፕሌይስቴሽን ቤት ግን አንዲት ቁልፍ ስትጫኑ ሃያ ሁለቱም ተጫዋቾች ባሉበት ይቆሙላችኋል። ሰግደን ስንመለስ ኳሷ እዚያው ናት። ስለዚህ «ጌሙ ሶላት አሳለፈኝ» የሚል ሰው ጥፋቱን በማያወራ ዕቃ ላይ እየጣለ ነው። በስልክ ኢንተርኔት ላይ የሚጫወት ብቻ ይለያል፤ እዚያ ያለው ባላጋራ ሌላ ከተማ የተቀመጠ ሰው ስለሆነ እንደፈለጉ ማቆም አይቻልም። ፕሌይስቴሽን ቤት የማይሄዱ እህቶቻችንም ዶርም ውስጥ ኢፉትቦል እንደሚጫወቱ ነግረውናል። መድኃኒቱ አዛን ሊደርስ ሲል አዲስ ጨዋታ አለመክፈት ነው።

አሁን ዋናው ጉዳያችን ላይ ደረስን። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ሦስተኛው ድክመት ነው፤ እሱ ደግሞ ከአሜሪካም ከጃፓንም አልመጣም፣ የራሳችን ነው። «ተሸናፊ ይክፈል» የምትለዋ ደንብ ናት።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ጨዋታ 10 ብር ነው እንበል። ሁለት ጓደኛሞች እኩል ቢከፍሉ ከአሥር ጨዋታ በኋላ እያንዳንዳቸው 50 ብር አወጡ፤ ሁለቱም ለተጫወቱበት ከፈሉ ማለት ነው። በ«ተሸናፊ ይክፈል» ግን ደካማው አሥሩንም ከተሸነፈ 100 ብር ያወጣል፣ ጎበዙ ምንም። የቤቱ ባለቤት በሁለቱም መንገድ 100 ብር ያገኛል። ታዲያ ደንቡ ለማን ይጠቅማል? አንድ፣ በሌላው ገንዘብ በነጻ ለሚጫወተው። ሁለት፣ ለቤቱ፤ ምክንያቱም የተሸነፈ ሰው «ላስመልስ» ብሎ ሦስት ጨዋታ ሊጫወት የመጣውን አሥር ያደርገዋል።

ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ደግሞ ፍሬሽ ተማሪ ነው። ከሲኒየሮች ጋር መቀላቀል ይፈልጋል፣ እጁ ገና አልፈታም፣ «አልችልም» ማለት ያፍራል። ከቤት የተላከለትን የወር ገንዘብ በሁለት ሳምንት ውስጥ አግዳሚው ላይ የጨረሰ ወንድም እናውቃለን። ያ ገንዘብ ከየት እንደመጣ ለጉራጌ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። እናቱ ቆጮ ሸጣ፣ ወይም መርካቶ ያለ አጎቱ ከሱቁ ቀንሶ የላከው ነው። ያሸነፉትም ጓደኞቹ ነበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ካፌ ውስጥ አብረው አይቀመጡም።

ሱረቱል ማኢዳህ 90ኛውና 91ኛው አንቀጾች ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጎን አንስተው ሁለት ጉዳቱን ያስታውሱናል፤ በሰዎች መካከል ጠብ ማምጣቱንና ከአላህ ዚክርና ከሶላት ማዘናጋቱን። እኛ አግዳሚው ላይ ያየነው ሁለቱንም ነው። ብዙ ዑለማዎች ተሸናፊው የሁለቱንም ሒሳብ እንዲከፍል መስማማትን ከቁማር የሚቆጥሩት ለዚህ ነው። ዝርዝሩን ከኡስታዞቻችሁ ጠይቁ፤ እኛ ፈትዋ ሰጪ አይደለንም። ነገር ግን «የ10 ብር ነገር ቁማር አይባልም» ለሚለው ወንድማችን አንድ ጥያቄ አለን፦ በ10 ብር የለመደ እጅ ከፕሌይስቴሽን ቤቱ አጠገብ ወዳለው ቤቲንግ ቤት ሲሻገር ምን ያቆመዋል? ወረቀቱ ላይ የሚሞላው እነዚያኑ የለመዳቸውን ክለቦች ነው።

አንዳንዱ «ዕቁብስ ዕጣ አይደል?» ይላል። በዕቁብ ያደግን ልጆች ስለሆንን መልሱን እናውቀዋለን። በዕቁብ ሁሉም እኩል ይጥላል፣ ሁሉም በተራው እኩል ይወስዳል። ዕጣው የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደሚወስድ ነው እንጂ ማን እንደሚከስር አይደለም። ቁማር ግን ከሳሪ ከሌለ አይቆምም። አባቶቻችን መርካቶ ላይ ሱቅ የከፈቱት በዕቁብ ነው። በ«ተሸናፊ ይክፈል» ሱቅ የከፈተ ሰው እስካሁን አልሰማንም።

ኩባንያው ራሱም ከዚህ ነጻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ «አልቲሜት ቲም» የሚባል ክፍል አለው። እዚያ ቡድን የሚሠራው የተዘጋ ጥቅል በመክፈት ነው፤ በውስጡ ማን እንዳለ ሳታውቁ ትከፍታላችሁ፣ ሳላሕ ሊሆን ይችላል፣ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ተጠባባቂም ሊሆን ይችላል። ጥቅሉን ተጫውቶ በተገኘ ነጥብም በእውነተኛ ገንዘብም መግዛት ይቻላል። የቤልጅየም የቁማር ተቆጣጣሪ በ2018 በገንዘብ የሚገዛውን ይህን አሠራር ቁማር ነው አለ፤ ኩባንያውም በ2019 መጀመሪያ በዚያ አገር ለጥቅሉ መግዣ የሚሆነውን ነጥብ መሸጥ አቆመ። በኔዘርላንድስ ደግሞ ኩባንያው ላይ ተጥሎ የነበረውን 10 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት በ2022 ሰርዞታል። ሁለት ጎረቤት አገሮች በአንድ ነገር ላይ ተለያዩ ማለት ነው። ጉዳዩ አከራካሪ መሆኑን አንክድም፤ ሙስሊም ተማሪ ግን የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳይጠብቅ መጠንቀቅ ይችላል። እኛ ዘንድ ጥቅሉን በገንዘብ የሚገዛ ጥቂት ነው። ቢሆንም አንድ ቀን ካርድ ይዘን፣ ደሞዝ አግኝተን፣ ልጆች ወልደን እንኖራለን ኢንሻአላህ። ያን ጊዜ ልጃችን ስልካችንን ይዞ ምን እየከፈተ እንደሆነ ማወቅ ይኖርብናል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ለራሱ ይክፈል። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሁለቱም ድርሻቸውን ያስቀምጡ። የሌለውን ጓደኛውን በስጦታ ማጫወት የሚፈልግ ያጫውተው፤ ምንዳ ያገኝበታል፣ ኢንሻአላህ። ክፍያውን ግን ከውጤቱ ጋር አናያይዘው። ሲኒየሮች ይህን ደንብ ካፈረሱ ፍሬሾች ይከተላሉ፤ ያመጣነው እኛ ሲኒየሮች ነንና።

ሁለተኛ፣ አዛን ሲል ቁልፏን መጫን። ከመካከላችን አንድ ሰው «ፖዝ!» ብሎ ይነሳ። ሌሎቹ ይከተሉታል፤ ሞክረን አይተነዋል። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰው ነበር የተነሳው። በሳምንቱ ክፍሉ ባዶ ሆኖ የቤቱ ባለቤት ራሱ ከኋላችን በሩን ቆልፎ መጥቶ ሰገደ።

ሦስተኛ፣ ጀመዓችን ከፋይናል በኋላ አንድ ውድድር ያዘጋጅ። የወልቂጤና የቡታጅራ ልጆች ፉክክር ያለ ማስታወቂያም ሰው ይሰበስባል። የመመዝገቢያ ገንዘብ ተሰብስቦ ለአሸናፊ እንዳይሰጥ፤ ያ ተመልሶ ቁማር ነው። ሽልማት ካስፈለገ ከተወዳዳሪዎቹ ውጪ የሆነ ሰው በፈቃዱ ያቅርብ፤ መጽሐፍ ይሁን፣ ወይም እውነተኛ ኳስ። በማግስቱ ደግሞ በዚያችው ኳስ ሜዳ ላይ እንገናኝ። በቴሌቪዥን 5 ለ 0 የሚያሸንፉን ወንድሞች አንድ ዙር ሲሮጡ ምን እንደሚመስሉ ማየት እንፈልጋለን።

ጆይስቲክ የያዘውን ወንድማችንን «የጠፋ ሰው» አድርገን አንመልከተው። ከእሱ አጠገብ ተቀምጠን፣ ድርሻችንን ከፍለን፣ አዛን ሲል እጁን ይዘን ብንነሳ በሩ ላይ ቆመን ከምንጮኸው ይልቅ ይሰማናል። አላህ ጊዜያችንን፣ ገንዘባችንንና ወንድማማችነታችንን ይጠብቅልን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።