ዜማው በወረቀት ላይ የቀረለት ሰው

በዘመናቸው ዝናቸው እጅግ ከተሰማላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከሞቱ በኋላ ፈጥነው እንደሚረሱ የታወቀ ነው። በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን የምናወሳው ጆን ዊልያም ቡን ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ ጨዋታው እስከ ዛሬ ሊሰማ የቻለው በተበሳ ወረቀት ምክንያት ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቡን በ1864 በአሜሪካ አገር፣ በሚዙሪ ግዛት፣ በጦር ሠፈር ውስጥ ተወለደ። እናቱ ራሔል ከባርነት አምልጣ የሰሜኑ ወገን ጦር ወደ ሠፈረበት ገብታ፣ በዚያ ምግብ በማብሰል ትተዳደር የነበረች ሴት ናት። ሕፃኑ ስድስት ወር ሲሆነው ጽኑ ትኩሳት ስለ ያዘው፣ ሐኪሞች ሕይወቱን ለማትረፍ ሲሉ ሁለቱንም ዓይኖቹን አወጡ። እናቱም በዋረንስበርግ ከተማ በሰው ቤት እየሠራች አሳደገችው።

ልጁ የሰማውን ዜማ ወዲያው መልሶ የሚያሰማ መሆኑን ያዩ የከተማው ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በሴንት ሉዊስ ወደሚገኘው የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ላኩት። በዚያም ፒያኖ መምታትን ተማረ። ዳሩ ግን የትምህርት ቤቱ ሹማምንት ሲለወጡ ሙዚቃውን ትቶ መጥረጊያ መሥራት እንዲማር ስለ ታዘዘ ልቡ ሸፈተ። የከተማይቱን ሙዚቃ ለመስማት እየጠፋ መውጣት ቢያዘወትር በመጨረሻ ተባረረ።

ዕድሉ የተቃናው በ1879 በኮሎምቢያ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን በተደረገ የልደት በዓል ላይ ነው። በዚያ ጆን ላንግ የሚባል፣ ራሱ በባርነት የኖረ፣ ኋላ ግን በሥራ ተቋራጭነት ሀብት ያፈራ ጥቁር አሜሪካዊ አገኘው። ላንግ የልጁን ዓይን ማጣት የልመና መሣሪያ ሊያደርገው አልፈቀደም። ሁለቱ ያቋቋሙት የሙዚቃ ጓድ በየከተማው ይዞት የሚዞረው መፈክር፣ ድል የሚገኘው በችሎታ እንጂ በሰው ርኅራኄ አይደለም የሚል ነበር። ቡንም የሾፐንንና የሊስትን ድርሰት ከጥቁር ሕዝብ መዝሙርና ዘፈን ጋር በአንድ መድረክ ላይ እያሰማ ከ40 ዓመታት በላይ በአሜሪካና በካናዳ ተዘዋወረ።

በኤፕሪል 18 ቀን 1880፣ እሑድ ዕለት፣ ማርሽፊልድ የምትባለውን የሚዙሪ ከተማ ዐውሎ ነፋስ መትቶ ከ90 በላይ ሰዎች ሞቱ። ቡን ወሬው ሲነገረው የቤተ ክርስቲያኑን ደወል፣ ነጐድጓዱንና ዝናሙን በፒያኖ የሚገልጽ ድርሰት አዘጋጀ። ስሙ እጅግ የገነነውም በዚህ ድርሰት ነበር።

በ1912 ኪው አር ኤስ የተባለው ኩባንያ ጨዋታውን በወረቀት ጥቅል ላይ አስቀረው። በዚህ ሥራ ቀዳሚ ከሆኑት ጥቁር ሙዚቀኞች አንዱ እርሱ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነበር፤ ሙዚቀኛው ፒያኖውን ሲመታ መሣሪያው ጣቱ ያረፈበትን ቦታና የቈየበትን ጊዜ በሚሄደው ወረቀት ላይ ያሰምራል፤ በኋላም መሥመሩ እየተበሳ ይባዛል። ባለቤቱ 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ጥቅል በፒያኖው ውስጥ አግብቶ በእግሩ ወናፉን ሲረግጥ፣ በየቀዳዳው የሚገባው አየር እያንዳንዱን መምቻ ያንቀሳቅሰዋል። ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ጥቅል የጣትን ጥንካሬና ልስላሴ አይመዘግብም ነበርና፣ ድምፁን ማጠንከርም ሆነ ማለዘብ ለሚረግጠው ሰው የተተወ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንሰማው የቡንን ፍጥነትና የጣቱን አካሄድ እንጂ ሙሉ እጁን አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የማርሽፊልዱ ዐውሎ ነፋስ በወረቀት አለመቅረቱ ነው። ለመቅረጽ ቢሞከር ከኀይሉ የተነሣ መሣሪያው ተሰበረ እየተባለ ይወራል፤ ይህ ግን ወሬ ነው። እርግጡ፣ ድርሰቱ በኖታ ሳይታተምና በጥቅል ሳይበሳ ከባለቤቱ ጋር መቀበሩ ነው።

ላንግ በ1916 ሞተ። ከዚያም በኋላ ሲኒማውና ራዲዮው የሕዝቡን ጆሮ ሲወስዱት የቡን ዝና እየቀነሰ ሄደ። በ1927 በ63 ዓመቱ ዐረፈ፤ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ያጨበጨበለት ሰውም መቃብሩ እስከ 1971 ድረስ፣ ማለት 44 ዓመት ሙሉ፣ ስም የተጻፈበት ድንጋይ አልነበረውም። ኋላ ግን የሚያስታውሱት ሰዎች ተነሥተው በኮሎምቢያ ያለው መኖሪያ ቤቱ ታድሶ በ2016 ለሕዝብ ተከፈተ።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ታሪክ የምንረዳው ችሎታ ብቻውን ለስም መቈየት የማይበቃ መሆኑን ነው። ከሁለት ሥራዎቹ አንዱ ዛሬ የሚሰማው፣ ሌላው የጠፋው በማነሱ ወይም በመብለጡ አይደለም፤ አንዱን የሚያስቀምጠው ተገኘ፣ ሌላውን ግን አልተገኘም። በየቤታችንም የአባት ታሪክ፣ የአያት እንጕርጕሮ አለ። ለዚህ መሣሪያ ሳይቸግረን፣ ነገ እናደርገዋለን እያልን ባለቤቱ እንዳይቀድመን ያሻል።