የበዛብህ ጥፋት የማን ነው?

የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ፥ ይልቁንም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው በኋላ፥ በየቤቱ ስለ በዛብህ የሚደረገው ክርክር አላቋረጠም። አንዳንዶቹ «ሰብለ ወንጌልን ጥሎ የሸሸ ፈሪ» ይሉታል። ሌሎቹ «የደኻ ልጅ በፊታውራሪ መሸሻ ቍጣ ፊት ምን ያድርግ?» ሲሉ ያዝኑለታል። ሦስተኞቹ ደግሞ «ስእለት ያፈረሰ ሰው መጨረሻው ይኸው ነው» ብለው ይፈርዱበታል።

እኛ ግን ከፍርዱ በፊት አንድ ነገር እንጠይቃለን፤ ስእለቱን የተሳለው ማን ነበር? ልጁ ነፍስ ሳያውቅ፥ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ቃል የገቡት ወላጆቹ ናቸው። ይህንም ያደረጉት ከፍቅር የተነሣ ነው። ነገር ግን የእነርሱ ቃል በእርሱ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ሰብለን በወደደ ጊዜም ልቡ ለሁለት ተከፈለ። ፍርሀት ለተባለው ማመንታቱ አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

«ሐናስ ሳሙኤልን ለእግዚአብሔር አልሰጠችምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ሳሙኤል በተጠራ ጊዜ የመለሰው ራሱ ነው፤ አድጎም ልጆች ወልዷል። መነኵሴም ቢሆን በአመክሮ ተፈትኖ በገዛ ፈቃዱ ይመነኵሳል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጅ ሲታመምባችሁ ጧፉንና ዕጣኑን፥ ጃንጥላውንም ተሳሉ፤ ይህ የእናንተ ነውና። ልጁን ግን በሃይማኖት አሳድጉት፤ ስለ ኑሮው የሚገባውን ቃል ዐዋቂ ሲሆን ራሱ ይግባ።