ከድንጋዩ ሥር ያሉትን አንጨርሳቸው



ፊደል ቆጥራችሁ ጋዜጣ ለማንበብ በቅታችኋል። ዛሬ ደግሞ ስለ ወንዝ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ወንዝም ይነበባልና።

በጉንደ ወይን ዙሪያ ዛፍ ወደሚያጠላው ጅረት ውረዱ። አንድ ድንጋይ ከውሃው አንሡና ገልብጡት። ትንንሽ ነፍሳት ሲርመሰመሱ ታያላችሁ። አንዳንዶቹ ሦስት ቀጫጭን ጭራ አላቸው። ሌሎቹ አሸዋና ስንጥር በክር አጣብቀው ቤት ይሠራሉ። ብዙ ሰው ትል ናቸው ብሎ ይንቃቸዋል። ትል ግን አይደሉም፤ የበራሪ ነፍሳት እጭ ናቸው። አድገው ክንፍ ያወጣሉ።

ምን ይጠቅማሉ ብትሉ፣ ከዛፍ የወደቀውን ቅጠል ይፈጫሉ። ከድንጋይ ላይ የሚያዳልጠውን አረንጓዴ ነገር ይግጣሉ። የቢምቢ እጭ የሚበሉም አሉ። አሣና ወፍ ደግሞ እነሱን በልተው ያድጋሉ። ከዚህም ሌላ ምስክር ናቸው። ባለ ሦስት ጭራዎቹ ቆሻሻ ውሃ አይችሉም። እነሱ ጠፍተው ቀያይ ትል መሳዮች ብቻ ከቀሩ ውሃው ተበላሽቷል ማለት ነው። ልብ በሉ! እነሱ ስላሉ ውሃው ሳይፈላ ይጠጣ ማለት አይደለም። የበሽታ ተሕዋስያን በዓይን አይታዩም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በአገራችን የብርብራን ፍሬ ደቁሶ ውሃ ላይ በመበተን አሣ የመያዝ የቆየ ልማድ አለ። «ምን ይጎዳል? አሣው ቶሎ ይያዛል» የሚል አይጠፋም። ዛፉ ለጥላ መልካም ነው። በፍሬው ውስጥ ግን ሮተኖን የሚባል መርዝ አለ። ይህ መርዝ አሣውን ትንፋሽ ያሳጣዋል። ትልቁን አሣ ከትንሹ አይለይም፤ ከድንጋይ ሥር ያሉትንም አይምርም። ለአንድ ቀን ወጥ ሲባል የከርሞው አሣና የአሣው ምግብ አብረው ያልቃሉ። የፀረ ተባይ መርጫን ወንዝ ውስጥ ማጠብም እንደዚያው ነው። ያን ውሃ ከታች ያለው ጎረቤት ይጠጣዋል፤ ከብቱም ይጠጣዋል።

እንግዲህ በስብሰባችሁ ተነጋገሩበት። ብርብራ ወንዝ ውስጥ አይበተን። መርጫ ከወንዝ ርቆ ይታጠብ። የወንዝ ዳር ዛፍ አይቆረጥ፤ ጥላውና ቅጠሉ ለእነዚህ ፍጥረታት ቤትና ቀለብ ነው። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ውረዱና ድንጋዩን ገልብጣችሁ አሳዩአቸው። ስትጨርሱ ድንጋዩን እንደነበረ መልሱት።