ረዥም ራስ ያለው መዝገበ ቃላት

ሰሞኑን በአንድ የክርክር ምሽት ላይ አንድ ወንድማችን ተነሥቶ፣ «አውሮፓውያን የሠለጠኑት ሁሉም የላቲን ልጆች፣ የአንድ ደም ወገኖች ስለሆኑ ነው፤ ቋንቋቸውን አይታችሁ ዘራቸውን ዕወቁ» ቢል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኛ አላጨበጨብንም። ከኋላ ተቀምጠን ስናጉረመርም «ምቀኞች!» የሚል ድምፅ ሰማን። ይሁን። ምቀኝነት ከሆነም ምቀኝነታችንን በጽሑፍ እናውጣው። (ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

በላቲን እንጀምር። ላቲን የጣልያንኛ፣ የፈረንሳይኛ፣ የእስፓኝኛ፣ የፖርቱጋልኛና የሩማንያኛ እናት ናት፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን እንግሊዝኛን አልወለደችም፤ ጀርመንኛን አልወለደችም፤ ሩስኛን አልወለደችም። ግሪክኛማ ላቲን ገና መጻፍ ሳትጀምር የተጻፈ ቋንቋ ነው። ወንድማችንን ያሳሳተው እንግሊዝኛ በላቲንና በፈረንሳይኛ ቃላት መሞላቱ ሳይሆን አይቀርም። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ ወዲህ የቤተ መንግሥቱና የችሎቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። ገበሬው ግን እናቱን፣ ውሃውን፣ ቤቱንና ዳቦውን በዚያው በጥንቱ በጀርመናዊው ቃል ሲጠራ ኖረ፤ ዛሬም ይጠራል። በሬው ገበሬው ዘንድ ቀንበር ሲጎትት «ኦክስ» ነው፤ ታርዶ በጌታው ገበታ ላይ ሲቀርብ «ቢፍ» የሚል የፈረንሳይ ስም ያወጣል። እንዴት ያለ በሬ ነው ጎበዝ! ዳሩ ግን ልብስ ተውሶ የለበሰ ሰው የአዋሹ ልጅ አይባልም።

(እግረ መንገዳችንን፦ «ግእዝ የአማርኛ እናት ነው» የሚለውም አባባል የዚሁ ስሕተት የቤታችን ቅጂ ነው። ብዙዎቹ የቋንቋ ሊቃውንት ግእዝን ከትግርኛና ከትግረ ጋር በሰሜን ወገን፣ አማርኛን ከአርጎብኛ፣ ከሐረሪና ከጉራጌ ቋንቋዎች ጋር በደቡብ ወገን ነው የሚያስቀምጡት። እናት ሳይሆን አክስት ብንል ይቀርባል። በዚህ ነገር ሌላ ቀን እንጣላለን።)

ታዲያ ዝምድና በምን ይታወቃል? ሁለት ቃላት ስለተመሳሰሉ ነውን? አይደለም። የሚፈለገው መመሳሰል ሳይሆን ሥርዓት ያለው መለያየት ነው። ላቲን «ፓተር» ሲል እንግሊዝኛ «ፋዘር» ይላል፤ «ፒስኪስ» ሲል «ፊሽ»፤ «ፔዴም» ሲል «ፉት»። ላቲን «ፕ» ባለበት እንግሊዝኛ «ፍ» ነው ማለት ነው። «ዱኦ» ሲል «ቱ»፣ «ዴኬም» ሲል «ቴን»፣ «ኮርኑ» ሲል «ሆርን»፣ እያለ ይቀጥላል። ይህን ሥርዓት ዴንማርካዊው ራስክ በ1818፣ ጀርመናዊው ያዕቆብ ግሪም በ1822 በጽሑፍ አወጡት። ግሪም ማለት ያ ከወንድሙ ጋር ተረት የሰበሰበው ሰው ነው። ተውሶው የሚጋለጠውም በዚሁ ሥርዓት ነው። እንግሊዝኛ «ፋዘር» እያለ «ፓተርናል» ሲል ግን በ«ፕ» ይጀምራል፤ ለምን ቢሉ፣ ቃሉ የገባው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። እንግዲህ እንግሊዝኛ የላቲን ልጅ ሳትሆን የሩቅ እኅት ናት፤ የሁለቱም እናት ሳትጻፍ ሞታለች።

ይህች እናት ደግሞ የአውሮፓ ብቻ እናት አይደለችም። በ1786 ዊልያም ጆንስ የተባለ የቅኝ ገዥዎቹ ዳኛ በካልካታ ተነሥቶ፣ ሳንስክሪት፣ ግሪክኛና ላቲን ምናልባት ዛሬ ከሌለ ከአንድ ምንጭ የፈለቁ መሆናቸውን ተናገረ። ከእርሱ በፊት በ1767 ኬርዱ የተባለ ፈረንሳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ከደቡብ ሕንድ ተመሳሳይ ነገር ለፓሪስ ሊቃውንት ጽፎ ነበር፤ ወረቀቱ እስከ 1808 ሳይታተም ተቀመጠ። ስለዚህ የፋርሱ፣ የኩርዱ፣ የሂንዲውና የቤንጋሊው ቋንቋ ቤተ ዘመድ ነው። ኢራናዊው ወንድሙን «በራዳር» ብሎ ይጠራል፤ እንግሊዛዊው «ብራዘር»። ከአውሮፓ መካከል ግን ፊንላንዳዊው፣ ኤስቶናዊው፣ ሀንጋሪያዊውና ባስኩ ከዚህ ቤት ውጭ ናቸው። የባስክን ቋንቋማ ዘመድ አለው ብሎ እስከ ዛሬ ያስረዳ የለም፤ ብቻውን ቆሟል።

ማልታስ? ማልታዊው ራሱን «ራስ»፣ ዓይኑን «አይን»፣ ምላሱን «ኢልሲን»፣ ስሙን «ኢሰም»፣ ደሙን «ደም»፣ ሞቱን «መውት» ይላል። ይህን የምታነብ የአማርኛ ተናጋሪ ሆይ፣ አስተርጓሚ ያሻሃልን? ማልትኛ በሲሲሊ ይነገር ከነበረው ዐረብኛ የወጣ፣ በላቲን ፊደል የሚጻፍ፣ ከ2004 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት የሥራ ቋንቋ የሆነ ሴማዊ ቋንቋ ነው። ወንድማችን ሲያጨበጭብለት ያመሸው አውሮፓ ውስጥ የአጎታችን ልጅ ተቀምጧል ማለት ነው። በየትኛው ደም ሠለጠነ እንበል?

የሀንጋሪዎቹ ነገር ደግሞ ሳይነገር አይታለፍም። በ1769 ሻይኖቪች የተባለ ሀንጋሪያዊ ቄስና የከዋክብት ተመራማሪ፣ ቬኑስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት ከጓደኛው ጋር እስከ ኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ ሄደ። እዚያም የሳሚዎችን ንግግር መረመረና ከሀንጋርኛ ጋር ዝምድና እንዳለው በ1770 ኮፐንሃገን ላይ መጽሐፍ አሳተመ። አገሩ ያሉት መኳንንት ምን አሉ? ተመስገን አሉ? ወዴት! «ዓሣ ዓሣ የሚሸት ዝምድና አንፈልግም» ብለው ተሳለቁበት። እነርሱ የሚሹት ፈረስ የሚጋልብ፣ ሰይፍ የሚመዝ አያት ነበር፤ የአቲላን ዓይነት። አጋዘን ጠባቂና ዓሣ አጥማጅ ዘመድ ለሹመት አይመችም። ከመቶ ዓመት በኋላም ቫምቤሪ ወደ ቱርክ ወገን ሊጎትታቸው ሞክሮ ብዙ ቀለም ፈሷል። ማስረጃው ግን ንቅንቅ አላለም። ቋንቋ ከጌታ ቤት ተወለድኩ ለማለት አይመችም፤ የሚመሰክረው በተጠየቀው ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበን ነገር እንምጣ። «አርያ» የሚለው ቃል የጥንት ሕንዶችና ኢራኖች ለራሳቸው ያወጡት ስም ነው፤ ኢራን የሚለውም ስም ከዚያው የመጣ ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ለቋንቋ ቤተሰብ ስም አድርገው ቢወስዱት፣ ጎቢኖን የመሳሰሉ የዘር ደብተራዎች ከመዝገበ ቃላት ነጥቀው በደም ላይ ለጠፉት። ማክስ ሙለር፣ ቃሉን ካስፋፉት አንዱ እርሱ ራሱ፣ በ1888 ቢጨንቀው ስለ አርያ ደም የሚያወራ ሰው ረዥም ራስ ስላለው መዝገበ ቃላት ከሚያወራ አይሻልም ሲል ጻፈ። ማን ሰማው? በ1935 የኑረምበርግ ሕግ ወጣ።

ሮማዎቹን (ዘላኖች ጂፕሲ የሚሏቸውን) እንውሰድ። ቋንቋቸው ከሕንድ የመጣ መሆኑን ጀርመናዊው ሩዲገር በ1782 አስረድቷል። በቋንቋ ሚዛን «አርያ» የሚለው ስም ከሂትለር ይልቅ ለእነርሱ ይገባል። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩት ተፈጁ። ከተገደሉት 6 ሚሊዮን ያህል አይሁዳውያንም አብዛኞቹ የሚናገሩት ዪዲሽን፣ በዕብራይስጥ ፊደል የሚጻፈውን የጀርመንኛ የቅርብ ዘመድ ነበር። በአንጻሩ ቋንቋቸው ከዚያ ቤተሰብ ውጭ የሆነው ሀንጋሪዎች ከሂትለር ጎን ተሰልፈው ተዋግተዋል። የቋንቋ ሚዛን እንዲያ ነበር የሚመዝነው?

«ሳይንስ አሁን ደምንም አንብቧል» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፣ አንብቧል። በ2015 የወጡ ጥናቶች ከጥንት አፅም ተነሥተው፣ ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት ከጥቁር ባሕር ሰሜን ሜዳ የተነሡ እረኞች ወደ መካከለኛው አውሮፓ መፍለሳቸውን አሳይተዋል፤ አብዛኛውን የአውሮፓ ቋንቋ ያመጡትም እነርሱ ሳይሆኑ አይቀሩም። ግን በ2019 የተገኘውንም እንጨምርበት፦ ባስኮችም ውስጥ የእነዚያው እረኞች ደም በብዛት አለ፤ ቋንቋው ግን የለም። ሀንጋሪዎች ደግሞ ቋንቋቸው ከሩቅ ምሥራቅ መጥቶ ደማቸው ከጎረቤቶቻቸው የሚለየው በጥቂቱ ነው። ደሙ በአንድ በር፣ ቋንቋው በሌላ በር ሲገባና ሲወጣ ኖሯል ማለት አይደለምን?

ይህን የምንጽፈው ለፈረንጅ አዝነን አይደለም። እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ አዲስ የመጣ ተማሪ አፉን ሲከፍት በአነጋገሩ ዘሩ ተቆጥሮ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ ሲወሰን እያየን ነው። «ቋንቋቸውን አይታችሁ ዘራቸውን ዕወቁ» የተባለውም ስለ አውሮፓ ብቻ አልነበረም፤ ያጨበጨበውም ይህን ያውቃል።

ወንድማችን መልስ ካለው ገጻችን ክፍት ነው። ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ ስሙንም ይጻፍበት። የማልታውን ጥያቄ ግን እንዳይዘልላት።